ወደ ውጭ የሚከፈተው በር

አባቴ በሞተ በዓመቱ ከአዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ ጎንደር ስመለስ፣ ቤታችን ቆሞ የጠበቀኝ በጥንካሬው ሳይሆን በልማዱ ይመስለኛል። ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ከተማው ቆርቆሮ በቆርቆሮ መሆን ጀምሯል። የእኛ ግን የድሮ የድንጋይና የኖራ ቤት ነው፤ ከምድር ቤቱ በላይ የእንጨት ወለል ያለው ደርብ አለው። አያቶቼ ሁሉ የደብሩ ካህናት ስለነበሩ ቤቱን እየተቀባበሉ ጸልየውበታል፣ ዜማ አስተምረውበታል፣ ሞተውበታል። የጠገነው ግን የለም።

የደርቡ መስኮት በጠላት ጊዜ ተነቅሎ ማገዶ ሆኖ ነበር። አባቴ ቀዳዳውን በሰሌን ሸፈነና "ለጊዜው ነው" አለ፤ ሰሌኑ ከአባቴ በላይ ኖረ። ከወለሉ ሳንቆች አንዳንዱ ሲረግጡት ወደ ታች ይሰምጣል። እናቴ የትኛው እንደሚከዳ በልቧ ስለያዘች ደርቡን የምትሻገረው፣ ወረብ እንደሚወርብ ደብተራ፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየረገጠች ነበር። የምድር ቤቱ በር ደግሞ ታችኛው ጫፉ በስብሶ ስላለቀ የጎረቤት ዶሮዎች ሳያንኳኩ ይገባሉ።

እኔ ራሴን እንደ አናጢ እቆጥር ነበር። ማሠልጠኛው ውስጥ የእጅ ሥራ የሚባል ትምህርት ነበረ፤ እዚያ ባለ አራት እግር በርጩማ ሠርቻለሁ። ከአራቱ እግሮች ሦስቱ መሬት ይነካሉ። ፈረንጁ አስተማሪያችን በርጩማዬን ዞር ዞር ብሎ አየና "ብዙ ደክመሃል" ብሎ ጥሩ ማርክ ሰጠኝ። ያን ማርክ ይዤ ነው ጎንደር የገባሁት።

"እማዬ፣ በሩን ልሠራው ነው" አልኳት በመጣሁ በሁለተኛው ወር።

"ይበጅ። ማንን ልትጠራ አሰብክ?"

"ማንንም። በገዛ እጄ ነው።"

"በእጅህ?" እጄን ከዚያ በፊት አይታው እንደማታውቅ ተመለከተችው። "የመሪጌታ ልጅ መጋዝ ይዞ? ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?"

ይህን ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ያስቸግራል። በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር የካህን ልጅ ብዕር ይይዛል፣ ጽናጽል ይይዛል፣ መቋሚያ ይይዛል፤ ቢቸግረው ሞፈር ይይዛል። መዶሻና መጋዝ የጠይብ ነው። ጠይቦቹ ከከተማው ወጣ ብለው በራሳቸው መንደር ይኖራሉ። ከተማው እነሱ በሠሩት ድስት ወጡን ይሠራል፣ እነሱ በቀጠቀጡት ማረሻ ያርሳል፣ እነሱ ባቆሙት ቤት ይተኛል፤ ዓይናቸውን ግን ይፈራል። እናቴ ከእነሱ የገዛችው ዕቃ የሌለበት የቤታችን ጥግ አልነበረም። ቢሆንም ልጇ የእነሱን ሥራ ሲሠራ ከሚታይ ሸፈተ ቢባል ሳይሻላት አይቀርም።

አልሰማኋትም። የተማርኩ ነኛ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ጣልያን ጥሎት የሄደ መላጊያ፣ አንድ መጋዝ፣ መሮና መዶሻ ገዛሁ። ከአይከል የመጣ የዋንዛ ሳንቃም አገኘሁ፤ ገና እርጥብ ስለነበረ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። እኔ ሽታው የጥራቱ ምልክት መሰለኝ። እናቴ ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ቆማ ጠበቀችኝና መሣሪያዎቹን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሕፃን እንደታቀፈች ሴት፣ ቀና ሳትል ወደ ቤት አስገባቻቸው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ሥራው መቼ ይሠራ የሚል ነው። ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ሰንበት ናቸው፤ በካህን ግቢ በሰንበት መዶሻ አይሰማም። በሌላው ቀን አስተምራለሁ። ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ይቀረኛል፤ ከእሱም ላይ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስና መድኃኔዓለም ይነሣሉ። የተረፉኝን ቀናት በጣቶቼ መቁጠር ይቻላል፤ ጣቶቼንም ለመቁጠሪያ እስከማይመቹ ድረስ በመዶሻ መታኋቸው።

አጥር የምንጋራት ጎረቤት ነበረችን፤ የጨው ነጋዴ ሚስት ናት፤ ደግና ጠያቂ። በመጀመሪያው ሳምንት በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና እናቴን፣ "እቴ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚቀጠቀጠው?" አለቻት። እናቴ እስከዚያች ቀን ዋሽታ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ምን ያህል ውሸት እንደሚበቃ መጠኑን አታውቅም።

"ንስሐ ነው" አለቻት። "የንስሐ አባቱ የሰጡት ነው።"

ይህን የሰማሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በመንገድ ላይ የማያውቁኝ ሽማግሌዎች ቆም ብለው "እግዜር ይፍታህ ልጄ" ሲሉኝ የአባቴ ደቀ መዛሙርት የነበሩ ይመስለኝና አንገቴን ደፍቼ አመሰግናለሁ። አንገት መድፋቴ ደግሞ ነገሩን ያጠነክረዋል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አንድ ባልንጀራዬ አስተማሪ ጠጋ ብሎ፣

"እንዴት ነው፣ እየቀለለህ ነው?" አለኝ።

"መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፤ አሁን እጄ እየለመደው ነው" አልኩት።

"እስከ መቼ ነው?"

"እንጃ። ከበሩ በኋላ ወለሉ አለ፤ ከወለሉ በኋላ መስኮቱ።"

ፊቱ ዳመነ። ያን ያህል ኃጢአት ከእኔ እንዳልጠበቀ አሁን ይገባኛል።

በሩ በታኅሣሥ አለቀ። እንደ አገሩ በር ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጌ ሠራሁት፤ ምክንያቱም ቤቱ ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ቦታ ይፈጃል። ይህን በስሌት ለእናቴ አስረዳኋት።

"ታዲያ እንግዳ ሲመጣ በሩን ስከፍትለት ገፍቼ ልጥለው ነው?" አለች።

"እንግዳው ፈንጠር ብሎ ይቆማላ።"

"ይቆማል" አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በምትከፍትበት ጊዜ ሁሉ "ፈንጠር!" እያለች ትጮህ ነበር።

እስከ ጥር ሸጋ በር ነበር። ከዚያ ፀሐዩ ሲበረታ እርጥቡ ዋንዛ ደረቀና ተሰበሰበ፤ በመቃኑና በበሩ መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጠረ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የጎደለ ይሞላል። ክፍተቱን ለካሁና ልክ ያን የሚያህል ቀጭን ጣውላ በበሩ ጠርዝ ላይ በምስማር መታሁበት። ገጠመ። ዙሪያውን ብርሃን የማያስገባ በር በሰፈራችን የእኔ ብቻ ነበር። እንጨት በደረቀ ጊዜ እንደሚያንስ አይቼ፣ በራሰ ጊዜ ተመልሶ እንደሚያድግ አለማሰቤን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም።

በዚሁ መካከል ጣጣው የንስሐ አባታችን ዘንድ ደርሶ ነበር። በእርጅና የጎበጡ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ቄስ ናቸው፤ አባቴን ፈትተው የቀበሩም እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ "ያ ልጅ ምን ቢሠራ ነው እንዲህ ያለ ንስሐ የሰጡት?" እያለ ይጠይቃቸዋል። እሳቸው ደግሞ አንድም ነገር አልሰጡኝም።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ ፎጣቸውን ተከናንበው በራፋችን ላይ ደረሱ። እናቴ "ፈንጠር!" አለችና ከፈተችላቸው። ነፋሱ ዝናቡን ወደ ቤት ሲያስገባብን እኔ በሩን በሁለት እጄ ይዤ በኃይል ወደ ውስጥ ሳብኩት። ግጥም አለ። አንዲት ጠብታ አልገባችም። እንግዲህ ይህን አባ ያዩልኛል ብዬ ኮራሁ።

መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እናቴ በእግራቸው አጠገብ ከሰል አቀረበች። ሲሞቃቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እስቲ ንገረኝ" አሉ። "እኔ የሰጠሁህ ንስሐ ምንድን ነው?"

"የምን ንስሐ አባቴ?"

እናቴ የያዘችውን መቆስቆሻ ጣለች። ከዚያ ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች። "ይፍቱኝ አባቴ፣ እኔ ነኝ። የመሪጌታው ልጅ ጠይብ ሆነ እንዳይሉብኝ አፍሬ ነው" ብላ ሁሉን ነገር ተናገረች። እኔ መሬቱን እያየሁ ስምንቱን ወር መልሼ አሰብኳቸው፤ እያንዳንዱን "እግዜር ይፍታህ"፣ የባልንጀራዬን ፊት ጭምር። ካፈርኩባቸው ነገሮች ሁሉ የባሰብኝ፣ ያ ሁሉ ሰው የሠራሁትን በር ሲያይ ቅጣት መስሎት አለመጠራጠሩ ነው።

"ምን ላይ እንደጣልሽኝ ታውቂያለሽ?" አሏት አባ፣ ሳይቆጡ። "አልሰጠሁትም ብል የንስሐ ምስጢር አወጣሁ። ሰጥቸዋለሁ ብል ዋሸሁ። ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ 'ከመናገር በላይ ነው ማለት ነው' አሉ። ጎረቤትሽ ትናንት መጥታ፣ ለባሌ የሰጡት ስግደት ቀላል ስለሆነ አልታረመም፣ እሱንም መጋዝ ያሲዙልኝ አለችኝ።"

መጨረሻ ላይ ከንፈራቸው የሳቀ መሰለኝ፤ ግን ወዲያው ተነሡ። "ነገ ሂደሽ ለጎረቤትሽ እውነቱን ንገሪያት። ንስሐሽ ይኸው ነው" ብለው ወደ በሩ ሄዱ፤ ገፉት። በሩ አልተነቃነቀም።

እኔ ገፋሁት። በትከሻዬ መታሁት። የደርቡ ቀዳዳ ትዝ አለኝ፤ ነገር ግን በዚያው ወር በዋንዛ ሳንቃ ደፍኜው፣ ምስማሩን ሳልቆጥብ መትቼበታለሁ። እንደገና በትከሻዬ መታሁት። ጎረቤታችን ድምፁን ሰማችና ከአጥሯ ማዶ፣

"ምነው? ምን ሆናችሁ?" ብላ ጮኸች።

"አልለቅ አለን!" አለች እናቴ።

ከዚያ የአባ ድምፅ፣ ለእኔ የተነገረው፣ በዝናቡ መካከል ጎልቶ ወጣ፤ "በስመ አብ በልና በኃይል ግፋው!" እኔም በስመ አብ ብዬ ጮኼ በሩን በትከሻዬ አናጋሁት።

"ኧረ በማርያም! ሰይጣኑ አልለቅ ብሎታል! ኧረ ጎረቤት!" ስትል ሰማናት።

ጥቂት ሳይቆይ ደጃችን ሰው ሞላው። ከውስጥ ሆነን ሲያማትቡና ሲለምኑልን እንሰማለን። እናቴ "በሩ ነው! በሩ ነው!" ትላለች፤ ከውጭ አንዱ "ሰይጣኑ በእናቱ አፍ እየለፈለፈ ነው" ይላል። ያን ጊዜ ከሁሉም ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ በበሩ ጠርዝ አጠገብ ተሰማ።

"ማጠፊያውን በየት በኩል ነው የመቱት፣ የኔታ?"

ጎረቤታችን ልጇን ልትድር ስለሆነ አንድ ሽማግሌ አናጢ ከጠይቦቹ መንደር አስመጥታ በግቢዋ አልጋ ታሠራ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ "አንተ" ይላቸው ነበር፤ እኔ ግን ዛሬ ሳስባቸው እሳቸው ማለት ይቀናኛል።

"በውጭ በኩል ነው" አልኩ።

"ተመስገን" አሉ። "አዋቂ ቢሆኑ ኖሮ በውስጥ ነበር የሚመቱት።"

በመሮና በመዶሻ የማጠፊያዎቹን ዘንግ ከሥር ወደ ላይ እየመቱ አወጧቸው። ከዚያ የበሩን ጎን በሹል ብረት ፈንቅለው ሙሉ በሙሉ ከነሳንቃው ተሸከሙና ከግድግዳው ጋር አስደገፉት። ብርሃኑና ዝናቡ በአንድነት ገቡ። ከውጭ ያለው ሕዝብ አባን፣ እናቴንና እኔን ዓይኑን አፍጥጦ አየን፤ ሰይጣኑን የሚፈልጉም ነበሩ።

ሽማግሌው የመታሁበትን ጭማሪ ጣውላ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። "ሌባ ቢሆን ከእናንተ ቀድሞ ይከፍተው ነበር" አሉ። "ሳምንት ሙሉ ድምፅዎን ስሰማ ነበር። መዶሻዎ ሦስት ጊዜ ሲወርድ ምስማሩን የሚያገኘው አንዱ ነው።"

"አይፍረዱበት አያ" አለች ጎረቤታችን፣ እያለቀሰች። አያ ስትላቸው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። "ንስሐው ነው። መጋዝ እንዲስብ ተፈርዶበት ነው።"

"ንስሐ?" ሽማግሌው አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ አባን፣ ከዚያ በእጃቸው ያለውን መሮ አዩ። "መጋዝ መሳብ ንስሐ ከሆነ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ንስሐ ላይ ነኝ። ኃጢአቴ ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።"

ሁሉም ዝናቡ ገና የጀመረ ይመስል ገሳውንና ነጠላውን እያስተካከለ መበተን ጀመረ። አባ ብቻ ጠጋ አሉና "እግዚአብሔር ያክብርልን" አሏቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ ደግሞ ዛሬ በእውነት እሰጥሃለሁ። የሚያውቅ ሰው ሳያስተምርህ መጋዝ እንዳትነካ" አሉኝ። በዚህ ዓይነት የእናቴ ውሸት እውነት ሆነ፤ የንስሐ አባቴ የሰጡኝን የአናጢነት ንስሐ ያዝኩ።

እናቴ በነጋታው አጥሩ ዘንድ ሄዳ፣ "እቴ፣ ንስሐ አልነበረም፤ አፍሬ ነው የዋሸሁሽ" ብላ ተናገረች። ጎረቤታችን አቀፈቻት፤ ተላቀሱ። ማታውኑ ሰፈሩ ሁሉ ያወራው ወሬ፣ "ምስኪን፣ የልጇን ኃጢአት ለመሸፈን ውሸታም ነኝ እስከማለት ደረሰች" የሚል ነበር። ወሬው አዘዞ ደርሶ፣ በኋላ አማቴ የሆኑት ሰው፣ የታዘዘውን ንስሐ እንዲህ ሳያጓድል የሚፈጽም ጎልማሳ ለልጄ ይሆናታል ብለው ለጋብቻ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች እሺ እንዲሏቸው አደረገ። ሚስቴ በተጋባን በወሩ፣ በፍርሃትና በጉጉት፣ ምን ሠርቼ እንደነበር ጠየቀችኝ። እውነቱን ስነግራት "በቃ ይኸው ነው?" አለች። ቅር እንዳላት ዛሬም አትክድም።

ያን ክረምት ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ሽማግሌው አናጢ ዘንድ እየተመላለስኩ ንስሐዬን ጀመርኩ። መንደራቸው በደባርቅ መንገድ ወጣ ብሎ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መላጊያ አስስለውኝ ዋሉ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው፣

"መቼ ነው እንጨት የምነካው?" አልኳቸው።

"ብረቱ እጅህ ላይ ያለውን ፀጉር ሲላጨው" አሉ። በመንደራቸው "የኔታ" ማለቱን ትተው "አንተ" ይሉኝ ነበር፤ ሹመት የተጨመረልኝ ያህል ደስ አለኝ።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላ በጥላ ሥር ዓመት መክረም እንዳለበት፣ ሳንቃ ሲገጣጠም ልቡ ወዴት እንደሚያይ፣ በር በበጋ ሲሠራ ለክረምቱ የሚተነፍስበት ቦታ መተው እንዳለበት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዱን ቀን ስሠራ የዋልኩትን ማያያዣ ማታ በአንድ ምት ያፈርሱታል። አይናገሩም፤ ብቻ ያፈርሱታል። ተናድጄ የቀረሁበት ቀን አለ፤ በማግስቱ ተመልሼ የሄድኩበትም።

መስከረም ሊጠባ ሲል ከእኛ ቤት ወለሉን አይተው ሲመለሱ አብሬያቸው ሄድኩ። እናቴ ያን ቀን ደርቡን እያሻገረች የሚከዱትን ሳንቆች ራሷ አሳይታቸዋለች፤ ከዚያም እሳቸው ሳያዩዋት፣ ዓይናቸውን ፈርታ ጤና አዳም አሽትታለች። እኛ መንደሩ አጠገብ ካለው ወንዝ ስንደርስ ሽማግሌው ልብሳቸውን አውልቀው ገቡና ከራስ እስከ እግራቸው ታጠቡ። ውኃው በዚያ ወቅት አጥንት ይሰብራል።

"ምነው አያ፣ በዚህ ብርድ?"

"ከእናንተ ዘንድ ውዬ ሳልታጠብ ቤቴ አልገባም" አሉ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። "የአባቶቻችን ሕግ ነው። አይክፋህ።"

ቤት ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት። የምትፈትለውን አቆመች።

"ከእኛ?" አለች።

"ከእኛ።"

"ከእኛ ነው የሚታጠበው?"

"አዎ።"

"እጁን ብቻ ነው?"

"ሙሉ ገላቸውን።"

እንዝርቱን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ነገር ከራሷ ጋር ስትሟገት አየኋት። በሦስተኛው ቀን ልወጣ ስል ጠራችኝና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ፤ "ለአያ ስጥልኝ፤ ከእኛ ከሆነ እኛው እንቻለው" አለች። ስፈታው ያልተነካ ሳሙና ነው።

ለሽማግሌው እናቴ መላኳን ነግሬ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት። ከዚያ ትልቁን መጋዝ አነሡና ሳሙናውን በስለቱ ግራና ቀኝ ከዳር እስከ ዳር አሹት።

"ለመጋዝ ሸጋ ነው" አሉ። "አመስግንልኝ። በል ያዝ ያን ጫፍ።"

ያዝኩ። ለወለላችን የመረጡትን የከረመ ጥድ ከመካከል ሰነጠቅነው፤ መጋዙ ሳይነክስ፣ ሳይንገራገጭ፣ እስከ ጫፍ ሄደ።